በትሩ የማን ነው?

ከቦሌ መድኃኔ ዓለም ወደ ሃያ ሁለት በሚወስደው መንገድ የሚሄድ ሰው፥ ስሙን ከሆቴል ከወረሰው ከአትላስ ሰፈር ሲደርስ፥ ሰዓቱም ምሽት ከሆነ፥ በመኪናው ጥሩምባና በቡና ቤቱ ዘፈን መካከል አንድ ደረቅ ድምፅ ይሰማል። ድምፁ ኳስ ከኳስ ሲላተም የሚሰጠው ነው። ተማሪው ከትምህርት ቤት፥ ጸሐፊው ከቢሮ፥ ሾፌሩ ከመንገድ ወጥቶ በአረንጓዴው ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበሰባል። በግድግዳው ላይ የተደረደሩት በትሮች የቤቱ ናቸው። የቤቱ ናቸው ማለት የሁሉም ናቸው ማለት ነው፤ የሁሉም የሆነ ነገር ደግሞ ብዙውን ጊዜ የማንም ሳይሆን ይቀራልና፥ አንደኛው ጎብጧል፤ የሁለተኛው ጫፍ ረግፏል፤ ሦስተኛው በፕላስተር ታሥሮ የቆመ ነው። ተጫዋቹ ተራው ሲደርስ ከመካከላቸው የተሻለውን መርጦ ያነሣል፤ የተሸነፈ እንደ ሆነም በበትሩ ያመካኛል።

አልፎ አልፎ ግን ረጅምና ቀጭን ሣጥን በብብቱ ይዞ የሚገባ ሰው ይታያል። ሣጥኑን በቁልፍ ይከፍታል፤ በትሩን በጨርቅ ይወለውላል፤ ጨዋታው ሲያልቅም እንደገና ጠቅልሎ ይቆልፍበታል። ከሌሎቹ አንዳንዶቹ ይስቁበታል፤ አንዳንዶቹም ይቀኑበታል። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ እንዲህ ያለው ሣጥን ነው። ሣጥኑ የእኔ ነው፤ ወይም ቢያንስ ብዙ ዘመን የእኔ ነው ስል ኖሬአለሁ።

ስለ አንድ የጨዋታ በትር ይህን ያህል ቀለም ማባከን ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ እንደሚኖር አላጣሁትም። ነገር ግን ትልቁን ጥያቄ በትንሽ ዕቃ ላይ መመርመር ይቀላል። አሮጌ የእጅ ሥራ በእጁ የገባ ሰው፥ ዕቃው በትር ቢሆን፥ የብራና መጽሐፍ ቢሆን፥ የአያት ቤት ቢሆን፥ እንደ ፈቃዱ ሊያደርገው ይችላልን? ሲያድሰውስ የሚያድሰው ዕቃውን ነው ወይስ የራሱን ምኞት? ጥያቄው ለመዝገብ ቤት ሹምም፥ ለመምህርም፥ ለተማሪም የሚደርስ ነው፤ ሁላችንም ሌላ ሰው የሠራውን ይዘን የምንኖር ነንና።

አስቀድሜ ስለ ዕቃው ጥቂት ልናገር። ከረምቡላ የሚለውን ቃል የወሰድነው ከጣልያንኛ ነው። ስኑከር የሚባለው ጨዋታ ግን የእንግሊዞች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1875 ዓ.ም. በህንድ አገር በጀበልፑር የሠፈሩ የእንግሊዝ ጦር መኮንኖች እንደ ጀመሩት ይነገራል። የስኑከር በትር ቁመቱ ወደ 147 ሳንቲ ሜትር፥ ክብደቱ ወደ ግማሽ ኪሎ፥ የጫፉ ስፋትም 9 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ረጅሙ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው አሽ ከሚባለው የአውሮፓ ዛፍ ሲሆን፥ እጀታው ከዞጲ ነው። ዞጲን እኛም በአገራችን እናውቀዋለን፤ የጥንት ግብጻውያንም ከእነርሱ በስተደቡብ ካሉት አገሮች እያስመጡ ለነገሥታቶቻቸው ዕቃ ይሠሩበት ነበር።

የእጅ ሥራው በትር ከመኪና ሥራው የሚለየው በእነዚህ በሁለቱ እንጨቶች መገናኛ ላይ ነው። ጠቢቡ የአሹን አራት ጎን በመላጊያ አስተካክሎ ይልገዋል፤ በየጎኑም የዞጲ ቁራጭ በሙጫ ያጣብቅበታል፤ ሙጫው ከደረቀ በኋላ መላልሶ እየላገ ያከብበዋል። ጥቁሩ እንጨት በነጩ ላይ ሲያልቅ እንደ ጣት ጥፍር ክብ የሆኑ አራት ጫፎች ይታያሉ። መኪና የሠራው ግን እንደ ጦር የሾለ ነው። በእጅ ሥራው ላይ አራቱ ጥፍሮች፥ ጥቂትም ቢሆን፥ መበላለጣቸው አይቀርም፤ ይህም መበላለጥ የሠሪው ፊርማ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሰብሳቢዎች ከሁሉ አጥብቀው የሚፈልጉት የቀድሞዎቹን የእንግሊዝ ቤቶች ሥራ ነው፤ ከእነዚህም እ.ኤ.አ. በ1836 ዓ.ም. የተቋቋመው የለንደኑ በሮውዝ ኤንድ ዋትስና በ1878 ዓ.ም. የተቋቋመው ራይሊ ይጠቀሳሉ።

የእኔ በትር የፊተኛው ቤት ስም የተጻፈበት ነው። ያመጡት አጎቴ ናቸው። በለንደን ትምህርታቸውን ፈጽመው በ1958 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ሲመለሱ ከመጻሕፍታቸው ጋር ይዘውት መጡ። ከሥራ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይጫወቱ ነበር፤ ከዚያ አያስበልጡም፤ በገንዘብም አይጫወቱም። የ1966 ዓ.ም. ለውጥ በመጣ ጊዜ ግን እንዲህ ያለው ጨዋታ የመሳፍንት መዝናኛ ነው ተብሎ ያስጠረጥር ይሆናል ብለው ፈሩና፥ በትሩን በቡሉኮ ጠቅልለው ከቁም ሣጥን በስተኋላ በእርጥቡ ግድግዳ ላይ አስደግፈው ሸሸጉት። በዚያው ቆሞ ኖረ። በ1983 ዓ.ም. ባወጡት ጊዜ በትሩ ጥቂት ጎብጦ፥ የጫፉ የነሐስ ቀለበት ላልቶ፥ ከአራቱም ጥፍሮች አንዱ ከሙጫው ተላቆ ተገኘ። እሳቸው ግን አላሠሩትም፤ እንደ ጎበጠ ተጫወቱበት። «እኔም ጎብጫለሁ፤ ተለማምደናል» ይሉ ነበር። ዕድሜያቸው በገፋ ጊዜ ለእኔ ሰጡኝ፤ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ።

በዓመቱ እኔ ያደረግሁትን ልናዘዝ። በትሩን ወደ አንድ እንጨት ሠራተኛ ወሰድሁና «አዲስ አስመስልልኝ» አልሁት። ሠራተኛው የታዘዘውን አደረገ፤ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፥ በሚያንጸባርቅ ቫርኒሽ ቀብቶ፥ ከሱቅ የወጣ አስመስሎ መለሰልኝ። እኔም ደስ እንዲላቸው ብዬ በትሩን ይዤ ወደ አጎቴ ባለቤት ሄድሁ። እሳቸው በትሩን ተቀብለው በእንጨቱ ላይ እጃቸውን እያንሸራተቱ አንድ ነገር ይፈልጉ ጀመር። አጎቴ ተራቸውን ቆመው ሲጠብቁ በትሩን የሚይዙበት፥ ከጥፍሮቹ ከፍ ብሎ በነጩ እንጨት ላይ፥ የእጃቸው ወዝ ያጠቆረው አንድ ስንዝር ያህል ሥፍራ ነበረ። እጃቸው ደጋግሞ ሄዶ ደጋግሞ ተመለሰ። በመጨረሻ ቀና ብለው «ልጄ፥ ይህ የማን ነው?» አሉኝ። ለወቀሳ የተነገረ ቃል አልነበረም። በእውነት አላወቁትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአሮጌ ዕቃ ነገር በአሳቤ ሲመላለስ ኖረ። ጥያቄው አዲስ አይደለም። የግሪኩ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደሚተርከው የአቴና ሰዎች ቴሴዎስ የተመለሰባትን መርከብ ብዙ ዘመን ሲጠብቋት፥ የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በአዲስ ሳንቃ ይተኩ ነበርና፥ ፈላስፎች መርከቢቱ ያችው ናት ወይስ ሌላ በማለት ይከራከሩባት ነበር። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው እንግሊዛዊው ሆብስ ደግሞ ክርክሩን አጠነከረው፤ አንድ ሰው የተጣሉትን አሮጌ ሳንቃዎች ሰብስቦ በቀድሞው ሥርዓት መርከብ ቢገጥምባቸው፥ ከሁለቱ መርከቦች እውነተኛይቱ የትኛዋ ናት?

የአገራችን ባላገር ይህን ጥያቄ ቢሰማ ብዙ የሚጨነቅ አይመስለኝም። የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን በአያቱ ዘመን ሣር ክዳን ነበረ፤ በአባቱ ዘመን ቆርቆሮ ለበሰ፤ በእርሱ ዘመን ግንቡ ፈርሶ በሲሚንቶ ተሠራ። ከመጀመሪያው ሕንጻ አንዲት እንጨት አልቀረችም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያኑ ያው ነው፤ ስሙም፥ በዓሉም፥ ማኅበርተኛውም ያው ነው፤ ታቦቱ ያው ነውና። እንግዲህ የባላገሩ ፍልስፍና በአንድ ነገር ውስጥ ሊለወጥ የሚችለውንና ሊነካ የማይገባውን ለይቶ የሚያውቅ ነው። የበገና ደርዳሪም እንዲሁ ነው፤ ከአንጀት የተፈተሉት አሥሩ አውታሮች በየጊዜው ይበጠሳሉ፥ ይተካሉም፤ በበገናው ማንነት ላይ ግን ጥርጥር አይገባውም።

የተቀደሰውን ከጨዋታ ዕቃ ጋር ማስተያየቴ እንዳልሆነ አንባቢው ይረዳልኛል። የምለው ይህን ነው፦ በማናቸውም ዕቃ ውስጥ አላፊ የሆነና ቋሚ የሆነ አለ፤ የዐዳሽም የመጀመሪያ ሥራ ይህን መለየት ነው። በበትሩ ጫፍ ላይ የሚጣበቀው ቁርበት ሲጫወቱበት ያልቃል፥ ይለወጣልም፤ ስለ እርሱ የሚያዝን የለም። የነሐሱም ቀለበት ቢሆን ተለዋጭ ነው። የሠሪው ፈቃድ ያለበት ግን በሌላ ስፍራ ነው፤ ይኸውም የአሹ ዘንግ ከእጀታው እስከ ጫፉ በምን ልክ እየቀጠነ እንደሚሄድና ክብደቱ በየትኛው ስፍራ እንደሚያርፍ የወሰነው ውሳኔ ነው። በብርጭቆ ወረቀት የፈገፈገው ሰው ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ ቢያነሣ ያን ውሳኔ ሽሮበታል።

ዳሩ ግን እኒያ እናት የፈለጉት የለንደኑን ጠቢብ ውሳኔ አልነበረም። ስሙን እንኳ አያውቁም። የፈለጉት የተጠቃሚውን እጅ ነው። እንግዲያስ የአንድ የእጅ ሥራ ደራሲ አንድ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ቀርጾ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ሠላሳ ዓመት ይዞ ያስተምረዋል። ከእነዚህ የትኛው ይበልጣል? ለሰብሳቢው የመጀመሪያው ይበልጥበታል፤ ለቤተ ሰብ ሁለተኛው። ስኮትላንዳዊው ስቲቨን ሄንድሪ እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1999 ዓ.ም. ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮና ያሸነፈበት በትር በልጅነቱ የተገዛለት ተራና ርካሽ በትር ነበረ፤ ሰብሳቢ ዞር ብሎ የማያየው። በ2003 ዓ.ም. ከባንኮክ ሲመለስ በአውሮፕላን ጉዞ ተሰበረበት፤ ተጫዋቹም እጅግ አዘነ። ነገሩን የሚያስገርመው በዚያው ዓመት በአዲስ በትር የእንግሊዝን ኦፕን ማሸነፉ ነው። ስለዚህ ችሎታው በበትሩ ውስጥ ነበረ ማለት አይቻልም፤ ኀዘኑ ከንቱ ነበረ ማለትም አይቻልም።

አሁን ወደ ሕጉ እንመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባለቤትነትን በአንድ ግዙፍ ነገር ላይ ሊኖር ከሚችለው መብት ሁሉ የሰፋው አድርጎ ይቈጥረዋል፤ ባለቤቱም በነገሩ እንደ ወደደ ሊገለገልበት ይችላል። በሌላ በኩል በ1992 ዓ.ም. የወጣው ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የተደነገገው አዋጅ በግል የተያዘ ቅርስ እንኳ ቢሆን ባለይዞታው እንዲጠብቀው ያስገድደዋል፤ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሳይፈቅድም አድሰዋለሁ ብሎ እንዳይነካው ይከለክለዋል። እነዚህ ሁለት ሕጎች የሚጣሉ የሚመስለው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ሁለተኛው ለመጀመሪያው ማሳሰቢያ ነው እላለሁ። የገዛኸውን ዕቃ ብትሰብረው ከሳሽ አይኖርብህም፤ ነገር ግን ከአንተ በፊት የነበረውንና ከአንተ በኋላ የሚመጣውን ሰው አሳብ መስበርህ ነው። የአጎቴ በትር ቅርስ ተብሎ አልተመዘገበም፥ የሚመዘገብበትም ምክንያት የለም። ስለዚህ በእርሱ ላይ ያለው ዳኛ ሕሊና ብቻ ነው። ሕሊና ደግሞ፥ ቢሮ ያገለገለ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ፋይል የማይከፍት ዳኛ ነው።

ዐዋቂዎቹ ራሳቸው በእድሳት ነገር አንድ አሳብ አልነበራቸውም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ቪዮሌ ለ ዱክ ሕንጻን ማደስ ማለት ምናልባት ከቶ ወዳልነበረበት ፍጹምነት ማድረስ ነው ይል ነበር። እንግሊዛዊው ረስኪን ግን እ.ኤ.አ. በ1849 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ እድሳት የሚባለውን ሁሉ እንደ ሐሰት ቈጠረው፤ በእርሱ ዘንድ የሞተውን ማስነሣት የማይቻል ነው። እኔ ሁለቱም የተሳሳቱ ይመስለኛል፤ የፊተኛው ከድፍረት፥ የኋለኛው ከኩራት የተነሣ። ረስኪን ጣራ በሚያፈስስበት ቤት የሚኖር ሰው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ቃሉን ያለዝብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. በቬኒስ የተሰበሰቡት ባለሙያዎች ያወጡት ደንብ መካከለኛ መንገድ ያዘ፤ ዐዳሹ ግምት ከሚጀምርበት ላይ እጁን ይሰብስብ፥ የጨመረውም አዲስ ነገር ከአሮጌው ተለይቶ ይታወቅ የሚል ነው።

የአክሱም ሐውልት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ርዝመቱ 24 ሜትር ያህል የሆነው ይህ ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1937 ዓ.ም. ወደ ሮም ተወሰደ፤ በ2005 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ በ2008 ዓ.ም. በአክሱም እንደገና ቆመ። ድንጋዩ የተቈራረጠበትን ታሪክ ፈጽሞ እንዳልነበረ ማድረግ የሚሻ ሰው ካለ፥ የሚያጠፋው ቁስሉን ብቻ ሳይሆን ምስክሩንም ጭምር ነው።

ይህን ሁሉ ካሰብሁ በኋላ በትሩን ይዤ በአትላስ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ሄድሁ። በቀን የቤት ዕቃ ይሠራሉ፤ ማታ ማታ ደግሞ የተጫዋቾችን በትር ይጠግናሉ። ተገላግሎ የነበረውን ጥፍር፥ የላላውን ቀለበት፥ የዘንጉን ጉብጠት አንድ በአንድ አሳየኋቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በዘንጉ ላይ ወደ መስኮቱ አሻግረው ተመለከቱና «ጉብጠቱን ተወው» አሉኝ። እንጨቱን በእሳት ሙቀት ቢያቀኑትም ክረምት ሲመጣ ወደ ልማዱ እንደሚመለስ፥ በግድ ቢያቀኑት ደግሞ ሊሰነጠቅ እንደሚችል አስረዱኝ። ጥፍሩን ከቆዳ ተቀቅሎ በሚሠራ ሙጫ አጣበቁት። ለምን የዘመኑን ኃይለኛ ሙጫ እንደማያደርጉበት ስጠይቃቸው፥ የቆዳው ሙጫ በሙቀትና በእርጥበት እንደሚለቅና፥ ከእሳቸው የተሻለ ሠራተኛ ቢመጣ ሥራቸውን ያለ ጉዳት ሊያፈርሰው እንደሚችል ነገሩኝ። ሥራውን በሚሻር ሙጫ የሚሠራ ሰው፥ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ከእኔ ሊሻል ይችላል ብሎ ያመነ ሰው ነው። ይህን እምነት በባለሥልጣንም ላይ፥ በመምህርም ላይ፥ በእኔም ላይ አዘውትሬ አላየሁትም።

የሚያንጸባርቀውን ቫርኒሽ አነሡና በምትኩ በተልባ ዘይት አሹት። ያን ጊዜ የልቤን ጥያቄ አወጣሁ። «ጋሼ፥ እዚህች ላይ አንድ ስንዝር ያህል በቡና ሊያጠቁሩልኝ ይችላሉ?» አልኋቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «ለማን?» አሉ። የምመልሰው አጣሁ። ቡናው በእርግጥ ያጠቁረው ነበር፤ እኒያ እናትም ዓይናቸው ደክሞ ነበርና ምናልባት ያው ነው ብለው ይጽናኑበት ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ በጎ ማታለል የሚባለው ነገር መኖሩን አልክድም፤ ነገር ግን አታላዩ ስለ ራሱ ጥፋት የሚያታልል ሲሆን በጎነቱ ይጐድላል። ሽማግሌው መልስ እንዳጣሁ ባዩ ጊዜ የሠሩትን ሁሉ በቁራጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፉ፤ ቀድሞ ተፈግፍጎ እንደ ነበረ፥ የቀድሞው ልኩም እንዳልተጠበቀ ጨመሩበት። ወረቀቱን አጥፈው በሣጥኑ ውስጥ አኖሩት።

ጥቂት ዓመት ቆይቶ ፈተናው መጣ። በውጭ አገር የሚኖር አንድ አሮጌ በትር ሰብሳቢ ለበዓል መጥቶ ኖሮ፥ የእኔን በትር ወሬ ሰማና ሊያየው ፈለገ። ለእንደዚህ ያለ ሰው ትልቁ ዋጋ የሚሰጠው ሠሪው ካበጀው በኋላ ያልተነካ በትር ነው። በስልክ ነግሮኝ የነበረው ገንዘብ ለእኔ እጅግ ብዙ ነበረ። በዚያው ሰሞን የአጎቴ ባለቤት የዓይናቸውን ሞራ ለመገፈፍ ገንዘብ ያስፈልጋቸው ነበር፤ የበትሩንም ዋጋ ለዚህ ላደርገው ቆርጬ ነበር። የተልባው ዘይት እንጨቱን አጥቁሮት፥ ያ ፈግፋጊ ያደረሰው ጉዳት በዓይን የማይለይ ሆኖአል። የሚቀረው ያች ወረቀት ናት። ከቤቴ ስወጣ ወረቀቲቱን ከሣጥኑ አውጥቼ በኮቴ ኪስ ከተትኋት። መጣል አልቻልሁም፤ መተውም አልቻልሁም።

ሰውየው በትሩን በመብራት አገላብጦ አየና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «ተነክቶ ያውቃል?» አለ። እጄ ወደ ኪሴ ገባ። ወረቀቲቱን ሰጠሁት። አንብቦ በትሕትና አመሰገነኝ፤ ከተባለው ዋጋም ሢሶውን ሊሰጠኝ እንደሚችል ነገረኝ። እኔም ላስብበት አልሁት፤ እርሱም ተመልሶ አልመጣም።

የሆነውን ለእኒያ እናት በነገርኋቸው ጊዜ «እውነት ትዝ ያለህ ለእኔ ዓይን ሲሆን ነው?» አሉኝ። ከዚያም ከሰርጋቸው ቀን ጀምሮ ከእጃቸው ያልወለቀውን አምባር ሸጡ።

ይህን ነገር ለብዙ ወዳጆቼ አጫውቻለሁ። አንዳንዶቹ እውነት መናገርህ ደግ ነው ይሉኛል። አንዳንዶቹም ለአንድ ሀብታም ሰብሳቢ የሕሊና ዕረፍት ስትል ዘመድህን ጎዳህ ይሉኛል። እኔ ግን ሁለቱም ነገሩን ከመካከሉ የሚጀምሩት ይመስለኛል። ገዢው የሚከፍለው ስለ እንጨቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ቃሌም ነበረ፤ እንጨቱን ሰጥቼ ቃሌን ብነሣው ሌብነት ይሆናል፤ ሌባ የሚሰርቀው ለበሽተኛ መድኃኒት ቢሆንም ተሰራቂው አልተሰረቀም ማለት አይቻልም። በዚህ አልጠራጠርም። የምጠራጠረው በሌላው ነው። እውነቱን የተናገርሁት እኔ ነኝ፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን እሳቸው ናቸው። በትሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ አምባራቸውን የሸጡት እሳቸው ናቸው። የራሴን ጥፋት በራሴ ገንዘብ ሳልከፍል፥ ተበድሬም ቢሆን ሕክምናቸውን ሳላሟላ፥ ወደ ገዢው የሄድሁበት መንገድ ከመነሻው ጠማማ ነበረ። ወረቀቲቱን ስሰጥ የተሰማኝ ኩራት ዛሬ ያሳፍረኛል። ከዚያ ወዲህ ከደመወዜ በየወሩ እያስቀረሁ ገንዘቡን ተክቻለሁ፤ አምባሩን ግን ከገዛው ሰው ማግኘት አልተቻለም።

ሕክምናው መልካም ሆነላቸው፤ ዛሬ ያለ መነጽር ይሄዳሉ። በትሩን ከሁለት ዓመት በፊት ለልጅ ልጃቸው ሰጠሁት፤ እርሱም ከዩኒቨርሲቲ ሲመለስ በአትላስ ይጫወትበታል። ልጁ ግራኝ ነው፤ ቁመቱም ከአጎቴ ያንሳል። ስለዚህ ተራውን ሲጠብቅ በትሩን የሚይዘው ከቀድሞው ስፍራ አራት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ነው፤ በዚያም ነጩ እንጨት ጥቂት መጥቆር ጀምሯል። ባለፈው ወር ሣጥኑን ይዞ ወደ ቤቴ መጣና፥ እድፉን በብርጭቆ ወረቀት ላስለቅቀው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አያትህን ጠይቃቸው አልሁት።